የነርሶች ምዝገባ ከአገር ወደ አገር፤ የምስክር ወረቀት ታሪክና ለትምህርት ቤቶች ያለው ቁም ነገር

መግቢያ

ከደሴ ተነሥቶ በወልድያና በቆቦ በኩል ወደ አላማጣ፣ ወደ ኮረምና ወደ መቀሌ የሚወስደው ጎዳና የራያን ቆላ ከደቡብ ወደ ሰሜን ያቋርጣል። ዋጃ የምትባለው አነስተኛ ከተማ በዚሁ ጎዳና ላይ በቆቦና በአላማጣ መካከል ትገኛለች። ሜዳው ማሽላና ጤፍ ያበቅላል፤ ክረምቱ ሲያልፍ ደግሞ ወባ ይበረታበታል። ዋጃ በታሪክ መጻሕፍት ብዙ የምትነሣ ከተማ አይደለችም። ሆኖም በጎዳናው ላይ ያለፈውን ሰው ማንነትና ጉዳይ ለሚመረምር ተመልካች አንድ ትልቅ ነገር ትገልጣለች። በጦርነትና በድርቅ ዘመን የውጭ አገር ሐኪሞችና ነርሶች የራያን ሕዝብ ለመርዳት በዚህ መንገድ መጥተዋል። በሌላ ጊዜ ደግሞ የአካባቢው ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ከዚሁ ቀዬ ተነሥተው ባሕር ተሻግረዋል።

የመጡት በቀላሉ ተቀባይነት ሲያገኙ የሄዱት ለምን በር ተዘጋባቸው? በተለይም በኢትዮጵያ ተምራ፣ ተፈትናና ለዓመታት በሽተኛ አስታምማ የቆየች ነርስ በሌላ አገር ሆስፒታል ደጃፍ ስትደርስ እንደ ጀማሪ የምትቆጠረው በምን ምክንያት ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የነርሶች ምዝገባ ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ጉዳዩን በታሪክ መነጽር መመርመርና መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ሊገነዘቡት የሚገባውን ቁም ነገር ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» የተባለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ «እ.ኤ.አ.» የተባለው ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

የነርስ መዝገብ አጀማመር

በሽተኛን ማስታመም ከጥንት ጀምሮ የዘመድ፣ የገዳምና የበጎ አድራጊ ሰው ሥራ ሆኖ ኖሯል። ራሱን የቻለ ትምህርት የሚጠይቅ ሙያ ሆኖ መታየት የጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1860 እ.ኤ.አ. በለንደን ከተማ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ለብዙ አገሮች አብነት ሆነ። ነገር ግን ትምህርት ቤቶች እየበዙ ሲሄዱ አንድ አዲስ ችግር ተፈጠረ። ሦስት ዓመት የተማረችውም፣ ጥቂት ወራት ብቻ በሆስፒታል የሠራችውም፣ ምንም ያልተማረችውም እኩል «ነርስ» ተብለው ይጠሩ ነበር። በሽተኛው አንዷን ከሌላዋ የሚለይበት መንገድ አልነበረውም።

በ1887 እ.ኤ.አ. በኤቴል ቤድፎርድ ፌንዊክ መሪነት የተቋቋመው የብሪታንያ ነርሶች ማኅበር መንግሥት የነርሶችን ስም በአንድ መዝገብ እንዲያሰፍር ይታገል ጀመር። የሚገርመው ናይቲንጌል ራሳቸው ይህን አሳብ መቃወማቸው ነው። የነርስ ዋና ሀብቷ ጠባይዋና በበሽተኛ አልጋ ዘንድ የምታሳየው ትጋት ስለ ሆነ ይህን ፈተና ሊመዝነው፣ መዝገብም ሊይዘው አይችልም የሚል ነበር ክርክራቸው። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ጠባይን መመዘን አስቸጋሪ ቢሆንም ማን የት እንደ ተማረ ማወቅ ግን የሕዝብ መብት ነው ይሉ ነበር። ክርክሩ ከ30 ዓመት በላይ ቆየ።

በዚህ መካከል ኒው ዚላንድ ቀደመች። በ1901 እ.ኤ.አ. የነርሶች ምዝገባ ሕግ አወጣች፤ በተከታዩም ዓመት ኤለን ዶኸርቲ በዓለም የመጀመሪያዋ በመንግሥት የተመዘገበች ነርስ ሆነች። ብሪታንያ ሕጉን ያወጣችው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1919 እ.ኤ.አ. ነው። በሕጉ መሠረት የተቋቋመው ጠቅላላ የነርሶች ምክር ቤት መዝገቡን በክፍል ከፈለው። ዋናው ክፍል ለጠቅላላ ነርሶች ሲሆን፣ የሕፃናት ነርሶች፣ የአእምሮ ሕመም ነርሶችና ሌሎችም በየራሳቸው ተጨማሪ ክፍል ይመዘገቡ ነበር። በአንዱ ክፍል መመዝገብ በሌላው ክፍል ለመሥራት መብት አይሰጥም ነበር።

ከዚህ አጀማመር ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ መዝገቡ የተፈጠረው ሕዝብን ለመጠበቅ ነው እንጂ ሰውን ከሥራ ለማገድ አይደለም። ሁለተኛ፣ መዝገቡ የአንድ መንግሥት መዝገብ ስለ ሆነ ኃይሉ በዚያ መንግሥት ወሰን ያበቃል። በኋላ በአገርና በአገር መካከል የተነሡት ችግሮች ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ የመነጩ ናቸው።

ልዕልት ፀሐይ በለንደን

ከኢትዮጵያውያን መካከል በውጭ አገር የነርስ መዝገብ ስማቸው እንዲሰፍር ካደረጉት ቀደምት ሰዎች አንዷ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ናቸው። የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ ሰብ በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ምክንያት ወደ እንግሊዝ አገር በተሰደደ ጊዜ ልዕልቲቱ ገና የ16 ዓመት ወጣት ነበሩ። በለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው እንደ ማንኛይቱም ተማሪ ነርስ የክፍል ትምህርቱንና የሆስፒታሉን ሥራ ተከታተሉ። ነሐሴ 19 ቀን 1931 ዓ.ም. በመንግሥት የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ።

ነገር ግን የተመዘገቡት ከላይ በተጠቀሰው ተጨማሪ ክፍል፣ በሕፃናት ነርስነት ነበር። ይህ ምዝገባ ጎልማሳውን በሽተኛ ለማስታመም ስለማያበቃ ጠቅላላውን የነርስነት ትምህርት ለመማር ወደ ጋይስ ሆስፒታል ገቡ። የንጉሥ ልጅ መሆናቸው የትምህርቱን ዘመን አላሳጠረላቸውም፤ ከአንዱ የመዝገብ ክፍል ወደ ሌላው ለመዛወርም አላስቻላቸውም። የመዝገብ ሥርዓት በትክክል ሲሠራ ለሰው ፊት እንደማያደላ የልዕልቲቱ ታሪክ መልካም ምሳሌ ነው።

ኢትዮጵያ በ1933 ዓ.ም. ነፃነቷን ከተቀዳጀች በኋላ ልዕልት ፀሐይ ወደ አገራቸው ተመልሰው በወሎ ጠቅላይ ግዛት በደሴ ሆስፒታል አገለገሉ። በ1934 ዓ.ም. ከጄኔራል አቢይ አበበ ጋር ተጋብተው ወደ ነቀምቴ ሄዱ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ነሐሴ 11 ቀን በወሊድ ምክንያት አረፉ። በውጭ አገር ለሕፃናት ጤና የሠለጠነች ነርስ በራሷ አገር በወሊድ መሞቷ የዚያን ጊዜውን የሕክምና አገልግሎት እጥረት በግልጽ ያሳያል። በስማቸው የታነጸው ሆስፒታል በ1951 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ የነርስ ትምህርት ቤትም ተቋቋመበት። ሆስፒታሉ በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚባለው ነው።

የውጭ አገር ነርሶች በኢትዮጵያ

ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የውጭ አገር ባለሙያዎች ታሪክ ከዚህ የተለየ መልክ አለው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1935 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም የጣሊያን ጦር በድንበር ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ጦርነቱ እንደ ተጀመረ የስዊድን፣ የኖርዌይ፣ የሆላንድ፣ የብሪታንያና የሌሎችም አገሮች የሕክምና ቡድኖች መጡ። በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የብሪታንያ ቡድን ወደ ሰሜን ግንባር ከዘለቀ በኋላ በራያ ምድር በኮረም አጠገብ ድንኳኑን ተክሎ ቁስለኛ ሲያክም የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደበደበ። በእንደዚያ ያለ ሰዓት የአንዱን ሐኪም ወይም የአንዱን አስታማሚ ዲፕሎማ የሚመረምር አልነበረም። የሠራተኛው ዋስትና የቀይ መስቀሉ ምልክትና የላከው ማኅበር ስም ነበር።

ከነፃነት በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። ሆስፒታሎች ሲከፈቱ በሽተኛውን የሚያስታምሙት በአብዛኛው በየሆስፒታሉ በሥራ ላይ የሠለጠኑ ድሬሰሮች ነበሩ። ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋትና መድኃኒት ማደል ያውቃሉ፤ ነገር ግን ትምህርታቸው በአንድ ሥርዓት ያልተመራ ስለ ነበር የአንዱ ድሬሰር ዕውቀት ከሌላው ጋር ለማመዛዘን አይመችም ነበር። መደበኛው የነርስ ትምህርት የተጀመረው በ1949 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆስፒታል በተከፈተው የቀይ መስቀል ነርስ ትምህርት ቤት ነው። ይህ ሆስፒታል ቀድሞ ቤተ ሳይዳ ይባል የነበረው፣ በኋላም የካቲት 12 የተባለው ነው። በትምህርቱ አመራር የስዊድን ነርሶች ብዙ ደክመዋል።

በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። ከአንድ ዓመት በፊት በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ መፍጀቱ ለኮሌጁ መቋቋም አንዱ ምክንያት ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃና የአሜሪካ መንግሥት ረድተዋል። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን እንዲሠሩ አድርጎ አሠለጠነ። የኅብረተሰብ ነርስ የተዘጋጀችው ለትልቅ ሆስፒታል ሳይሆን በገጠር ጤና ጣቢያ እናትና ሕፃንን እንድትከታተል፣ ክትባት እንድትሰጥና ቤት ለቤት እንድታስተምር ነበር። ዋጃን ለመሰለ ቆላማ ቀበሌ ከዚህ የተሻለ ሥልጠና አይገኝም። ይህ ሥልጠና ከአገር ውጭ ምን ችግር እንዳስከተለ ከዚህ በታች ይታያል።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በወሎና በትግራይ በደረሰው ረሃብ ጊዜ የራያ መንገድ እንደገና በውጭ አገር ነርሶች ተሞላ። ኮንሰርን የተባለው የአየርላንድ ድርጅት ከመጀመሪያው ረሃብ ጀምሮ በወሎ ሠርቷል። በሁለተኛው ረሃብ በኮረም መጠለያ የፈረንሳይ ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የብሪታንያ ሕፃናት አድን ድርጅት ሠራተኞች በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ አክመዋል፤ መግበዋል። እነዚህ ነርሶች ወደ ሥራ የተሠማሩት እያንዳንዳቸው ለፈተና ተቀምጠው ሳይሆን በላኪው ድርጅትና በመንግሥት መካከል በተደረገ ስምምነት ነበር። በአገራቸው የተመዘገቡ መሆናቸውን ድርጅቱ አረጋገጠ፤ የድርጅቱም ቃል ታመነ። ጊዜውም ከዚህ ሌላ ምርጫ አይሰጥም ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኢትዮጵያ የምዝገባ ሕግ አልነበራትም ማለት አይደለም። በ1948 እ.ኤ.አ. ቁጥር 100 የሆነው የሕክምና ባለሙያዎች ምዝገባ አዋጅ ወጥቷል። በ1994 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 76 ተቋቋመ፤ በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 661 ደግሞ የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ ቁጥጥርን በአንድ ሥርዓት አደራጀ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮም አዲስ ምሩቃን የጤና ባለሙያዎች አገር አቀፍ የሙያ ፈቃድ ፈተና እንዲወስዱ ተደረገ። እንግዲህ ኢትዮጵያም በበኩሏ ወረቀትን ብቻ ከማመን ወደ መፈተን እየተሸጋገረች መጥታለች ማለት ነው።

ኢትዮጵያውያን ነርሶች በባሕር ማዶ

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በጦርነት፣ በፖለቲካና በኑሮ ችግር ምክንያት ብዙ የተማሩ ኢትዮጵያውያን አገራቸውን ለቀው ወጡ። ከእነርሱ መካከል ነርሶችም ነበሩ። ከፊሎቹ በሱዳን በኩል በስደተኝነት፣ ከፊሎቹም ለትምህርት ሄደው በዚያው በመቅረት በአሜሪካና በአውሮፓ ሰፈሩ። እነዚህ ነርሶች በተሰደዱበት ዘመን ተቀባይ አገሮች የምዝገባን በር በአዲስ መልክ እያደራጁት ነበር።

በዩናይትድ ስቴትስ የነርስ ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ነው። ከውጭ የሚመጡ ነርሶች ቁጥር በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እየበዛ ሲሄድ አብዛኞቹ የፈቃዱን ፈተና በመጀመሪያ ሙከራቸው አያልፉም ነበር። ያላለፉት ወደ አገራቸው መመለስም ስለማይችሉ በአነስተኛ ደመወዝ በረዳትነት ይሠሩ ነበር። ይህን ለማስቀረት የአሜሪካ ነርሶች ማኅበርና የአገሪቱ የነርስነት ትምህርት ሊግ በ1977 እ.ኤ.አ. የውጭ አገር ነርስ ትምህርት ቤቶች ምሩቃንን የሚመረምር ኮሚሽን አቋቋሙ። የኮሚሽኑ ሥራ ነርሷ ገና በአገሯ ሳለች ትምህርቷን መርምሮና ፈትኖ ወደፊት ፈቃዱን ልታገኝ እንደምትችል አስቀድሞ ማመልከት ነበር። ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት የፈቃድ ፈተና ሥራ ላይ ዋለ፤ ይህም ፈተና በ1994 እ.ኤ.አ. በኮምፒዩተር የሚሰጥ ሆነ።

በአውሮፓም በዚያው በ1977 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኤኮኖሚ ማኅበረሰብ አባል አገሮች የጠቅላላ ነርሶችን ዲፕሎማ እርስ በርሳቸው እንዲቀበሉ መመሪያ ወጣ። ይህ ለአባል አገሮች ነርሶች በሩን ሲከፍት ከውጭ የመጣችው ነርስ ከደጅ ቀረች። እንደ አጋጣሚ ሆኖ የዓለም የሥራ ድርጅት የነርሶችን የሥራና የኑሮ ሁኔታ የሚመለከተውን ቁጥር 149 ስምምነት ያጸደቀው በዚሁ ዓመት ነው። በብሪታንያ የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከውጭ የሚመጡትን በሁለት ደረጃ ይፈትናል፤ አንደኛው በኮምፒዩተር የሚሰጥ የዕውቀት ፈተና ሲሆን ሁለተኛው ተፈታኟ በተግባር የምትሠራውን የሚመለከት ነው። በሳዑዲ ዓረቢያም በ1992 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የጤና ሙያዎች ኮሚሽን ባለሙያዎችን ይመድባል፤ ይመዘግባል።

የፊሊፒንስ ታሪክ ለማነጻጸሪያ ይጠቅማል። አገሪቱ በአሜሪካ አስተዳደር ሥር ሳለች የነርስ ትምህርቷ በእንግሊዝኛና በአሜሪካ ሥርዓተ ትምህርት ተቀረጸ፤ የነርሶችንም ፈተና የሚመራ ቦርድ በ1919 እ.ኤ.አ. በሕግ አቋቋመች። በዚህ ምክንያት የፊሊፒንስ ነርስ የትምህርት ማስረጃዋን ስታቀርብ ተቀባዩ የሚያውቀውን የትምህርት ዓይነት በሚያውቀው ስም ያገኘዋል። እንዲያም ሆኖ ከፈተናው ነፃ አልሆነችም። የተለያየው መነሻው ነው፤ እርሷ በፈተናው ስትጀምር ኢትዮጵያዊቷ ግን የተማረችው ምን እንደ ሆነ በማስረዳት ትጀምራለች።

መሰናክሎቹ ምን ምን ናቸው?

የመጀመሪያው መሰናክል የስምና የይዘት አለመጣጣም ነው። ተቀባይ አገሮች «ጠቅላላ ነርስ» የሚሉት በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በእናቶች፣ በሕፃናትና በአእምሮ ሕመም ክፍሎች የቃልና የተግባር ትምህርት የተማረውን ባለሙያ ነው። በኢትዮጵያ የነርስ ትምህርት ግን በየዘመኑ እንደ አገሪቱ ፍላጎት ተከፋፍሏል። የኅብረተሰብ ነርስ፣ ክሊኒካል ነርስ፣ የሕዝብ ጤና ነርስ፣ አዋላጅ ነርስ፣ በኋላም በሙያ ደረጃ አራት የሚመረቅ ነርስና የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ነርስ ነበሩ፤ አሉም። ለገጠር ጤና ጣቢያ የተዘጋጀች ነርስ በአእምሮ ሕመም ክፍል የሠራችው ሰዓት ጥቂት ወይም ያልተመዘገበ ሊሆን ይችላል። በራያ ሜዳ ለመቶ እናቶች የደረሰችበት ሙያ በተቀባዩ ቅጽ ላይ ማስፈሪያ ቦታ ያጣል። ልዕልት ፀሐይን ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው የመራቸው የመዝገብ ክፍፍል ይህችንም ነርስ ይጠብቃታል።

ሁለተኛው የሰነድ ችግር ነው። መርማሪው ክፍል በአመልካቿ እጅ የመጣውን ወረቀት ብቻ አይቀበልም፤ የውጤት ዝርዝሩን ትምህርት ቤቱ ራሱ በቀጥታ እንዲልክ ይጠይቃል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማስረጃም ይፈለጋል። ትምህርት ቤቱ ስሙን ከቀየረ፣ ከሌላ ተቋም ጋር ከተዋሐደ ወይም ከተዘጋ መልስ የሚሰጥ አይገኝም። በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት በሰሜን ወሎና በደቡብ ወሎ ብዙ የትምህርትና የጤና ተቋማት፣ የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች ጭምር፣ ጉዳት ደርሶባቸዋል። በእንደዚህ ያለ ጊዜ የሚጠፋ መዝገብ የአንድ ቢሮ ንብረት ብቻ አይደለም፤ በውስጡ የሰፈረው ሰው ሁሉ የዕድሜ ልክ ማስረጃ ነው።

ሦስተኛው ትንሽ የሚመስል ነገር ግን ብዙዎችን ያጉላላ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የስምና የዘመን አጻጻፍ ነው። ኢትዮጵያዊ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ ይጠራል እንጂ የቤተ ሰብ ስም የለውም። አንዱ ሰነድ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም በቤተ ሰብ ስም ቦታ ካሰፈረ በባሕር ማዶ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሆናሉ። በላቲን ፊደል ሲጻፍም ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ «ቲ» እና «ኤስ» በሚባሉት ሁለት ፊደላት፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ ይጀምረዋል። የልዕልት ፀሐይ ስም ራሱ በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ከአንድ በላይ በሆነ አጻጻፍ ይገኛል፤ ለታወቀ ሰው ይህ ጉዳት የለውም፤ ላልታወቀች ነርስ ግን የወራት እንግልት ያስከትላል። በዘመን አቆጣጠርም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በኢትዮጵያና በአውሮፓ መካከል የ7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የ8 ዓመት ልዩነት አለ። በጳጉሜን የተወለደችን ልጅ ቀን ያለ ሒሳብ የሚያዛውር ጸሐፊ በአውሮፓ የሌለ 13ኛ ወር ይጽፍላታል።

አራተኛው ጊዜ ነው። ቋንቋው ተጠንቶ፣ ሰነዱ ተሰብስቦና ተተርጉሞ፣ ገንዘቡ ተጠራቅሞ ፈተናው እስኪደርስ ዓመታት ያልፋሉ። ብዙ አገሮች ደግሞ አመልካቿ በቅርብ ዓመታት በሙያዋ ላይ እንደ ነበረች ማስረጃ ይሻሉ። እንግዲህ ለመሥራት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ ለማግኘትም ሥራ ላይ መቆየት ያስፈልጋል። በዚህ መካከል የተያዙ ብዙ ኢትዮጵያውያን ነርሶች በአሜሪካ በአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች በረዳትነት ተቀጥረው፣ የተማሩትን ትምህርት እንደገና ከመጀመሪያው ተምረው ወደ ሙያቸው ለመመለስ ተገድደዋል።

የላኪው አገር ጉዳይ

ነገሩን ከተሰዳጇ ወገን ብቻ መመልከት ግን ሚዛኑን ያዛባል። አንዲት ነርስ ስትሄድ የአገር ገንዘብ ወጥቶበት የተገኘ ዕውቀት አብሯት ይሄዳል። ትልቅ ከተማ አንድ ነርስ ቢጎድለው ሌላ ይተካል፤ በቆላማ ቀበሌ ያለ ጤና ጣቢያ ግን ምትኩን በቀላሉ አያገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ጉባኤ በ2010 እ.ኤ.አ. የጤና ሠራተኞችን ከአገር ወደ አገር ስለ መመልመል ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ የተመሠረተው በዚህ አሳብ ላይ ነው። ድርጅቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ከፍተኛ የጤና ሠራተኛ እጥረት አለባቸው ብሎ በስም ከዘረዘራቸው 55 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ደንቡ ከእነዚህ አገሮች ዘመቻ አድርጎ ነርስ መመልመልን ያወግዛል፤ ነገር ግን አንድ ሰው በራሱ ፈቃድ አገር ለቆ የመሄድ መብቱን አይነካም።

በሌላ በኩል የነርሷን ማስረጃ ማዳከም ነርሷን ከስደት አያስቀርም። የራያና የቆቦ ወጣቶች ያለ አንዳች የሙያ ማስረጃ በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ መሄዳቸው የታወቀ ነው። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከዚያ አገር ተመልሰዋል። ማስረጃዋ የማይታመን ነርስም የመሄድ አሳብ ከያዘች በዚያው መንገድ ለቤት ሠራተኝነት ልትሄድ ትችላለች። ያን ጊዜ ዋጃ ነርሷን ታጣለች፤ ተቀባዩም አገር ነርስ አላገኘም፤ ሴትዮዋም ሙያዋን ታጣለች። ሦስቱም የሚከስሩበት መንገድ ይህ ነው። በአንጻሩ ማስረጃዋ የተሟላ ነርስ ብትሄድ በሙያዋ ትሠራለች፤ ብትመለስም፣ እንደ ልዕልት ፀሐይ፣ የተማረችውን ይዛ ትመለሳለች።

በአፍሪካ አገሮች መካከልም የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃን ለመቀባበል በ1981 እ.ኤ.አ. በአሩሻ ስምምነት ተደርጎ ነበር። ይኸው ስምምነት ተሻሽሎ በ2014 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ጸድቋል፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮም ሥራ ላይ ውሏል። ስምምነቱ የዲፕሎማን መታወቅ እንጂ የሙያ ፈቃድን በራሱ አይሰጥም። ሆኖም አንዱ አገር የሌላውን ትምህርት ለመመርመር የሚያስችለውን መረጃ እንዲያገኝ መሠረት ይጥላል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ታሪክ የሚያስረዳው ዋና ነገር አንድ ነው። የምስክር ወረቀት በራሱ አይታመንም፤ የሚታመነው ከበስተኋላው የቆመው ተቋም ነው። በኮረም ድንኳን የተከለው ሐኪም የታመነው ከኋላው ቀይ መስቀል ስለ ነበረ ነው። የረሃቡ ዘመን ነርሶች የታመኑት ላኪዎቻቸው ስለ መሰከሩላቸው ነው። ኢትዮጵያዊቷ ነርስ በባሕር ማዶ ብቻዋን የምትቆመው ብዙ ጊዜ ዕውቀት ጎድሏት ሳይሆን የተማረችበት ቤት በጊዜው፣ በሚነበብ ቋንቋና በተሟላ ዝርዝር ስለማይመሰክርላት ነው። ናይቲንጌል እንዳሉት መዝገብ ጠባይን አይዝም፤ ነገር ግን መዝገብ የሌለው ጠባይ ድንበር አይሻገርም።

ስለዚህ የመፍትሔው መጀመሪያ ያለው በውጭ አገር ምክር ቤቶች እጅ ብቻ አይደለም። በዋጃም ሆነ በቆቦ ያለ የአንደኛ ደረጃ መምህር የተማሪዋን ስም፣ የአባቷንና የአያቷን ስም፣ የተወለደችበትንም ቀን በመጀመሪያው ቀን አጣርቶ ቢጽፍና ይህም አጻጻፍ በየክፍሉ ሳይለወጥ ቢተላለፍ የመጀመሪያው ዋስትና ተገኘ ማለት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ከአንድ በላይ ቅጂ በተለያየ ቦታ ቢያስቀምጥ አንዱ በእሳት ወይም በጦርነት ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል። የነርስ ማሠልጠኛዎች የክፍሉን ትምህርት ብቻ ሳይሆን በየሆስፒታሉ ክፍል የተሠራውን ሰዓት በየትምህርቱ ዓይነት ለይተው ቢመዘግቡ፣ ተቋማቸው ስሙን ሲለውጥ ወይም ሲዋሐድም መዝገቡን ማን እንደ ተረከበ በግልጽ ቢያስታውቁ ምሩቃኑ በየትም ቦታ የሚናገርላቸው አያጡም።

የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም አዲስ የነርስ ደረጃ ወይም አዲስ የሙያ ስም በፈጠሩ ጊዜ ሁለት ጥያቄ ሊጠይቁ ይገባል። ይህ ሥልጠና ለአገሪቱ ገጠር ይበጃልን? ከዚህ የሚመረቀውስ ሰው ጥቂት ጨምሮ ወደ ጠቅላላ ነርስነት የሚሸጋገርበት መንገድ ተዘጋጅቷልን? የጎንደር ኮሌጅ የመጀመሪያውን ጥያቄ በሚገባ መልሷል፤ ሁለተኛው ግን በየዘመኑ ሲድበሰበስ ኖሯል። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በአንድ ዓመት ሥልጠና ጀምረው በኋላ ደረጃቸውን የሚያሻሽሉበት ትምህርት መዘጋጀቱ ይህን ጥያቄ ለመመለስ የተደረገ አንድ ርምጃ ነው። መሰላሉ ከታች እስከ ላይ ያልተቋረጠ እንደ ሆነ በሙያዋ ማደግ የምትሻ ነርስ ለዕድገት ብላ አገር ለመልቀቅ አትገደድም፤ ለመሄድ የቆረጠችውም ሙያዋን በድንበር ላይ ጥላ አታልፍም።